ከንከሴን የነገሩኝ ሰው

አሶሳ ገበያ ዳር ከባጃጅ ሳልወርድ ፖሊሶች ያዙኝ። የታሰርኩበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ቀን ይግላል፣ ጥግ ያለው ባልዲም ይሸታል።

ጉድ ያፈላብኝ ደብተሬ ነው። የተክል ስሞችን እሰበስባለሁ፤ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን የነገረኝን ሰው ስምና መንደር መጻፍ የሥራው ወግ ነው። መርማሪው ግን የአንድ ስውር ቡድን አባላት ዝርዝር አድርጎ አነበበው።

“ባሚያ፣ ከንከሴ፣ አንደሃ… ምንድን ነው ይሄ?”

“አንድ አትክልት ነው። ባሚያ ከዓረብኛ የመጣ ስም ነው። በርታዎች ከንከሴ፣ ጉሙዞች አንደሃ ይሉታል።”

“ለአንድ አትክልት ሦስት ስም ምን ያደርጋል?”

ከንከሴን የነገረኝን ሰው አውቀው እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ “አላውቀውም፤ የሰውየውን ስም ከራሴ ነው የፈጠርኩት” አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ከንከሴን የነገሩኝ ሽማግሌ ራሳቸው ታስረው እኔ ወዳለሁበት ክፍል ገቡ። የበርታ ገበሬ ናቸው። ጓሯቸው ቆመን፣ አንድ ሲሆንና ብዙ ሲሆን ስሙ ይለያይ እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ “አንድ ከንከሴ ማን ይቀቅላል?” ብለው ስቀውብኝ ነበር። ያኔ የለቀማው ወቅት ነበር፤ ከንከሴ ጥቂት ቀን ካለፈው እንጨት ይሆናል።

“አባቴ፣ በእኔ ጦስ ነው የመጡት። አላውቀውም ይበሉና ይሂዱ።”

“ኡስታዝ፣ እንዴት ነው ይሄ ነገር?” አሉ፤ መምህር ማለታቸው ነው።

ከሰዓት በኋላ አብረው አቀረቡን። መርማሪው ወረቀትና የማኅተም ቀለም አስጠጋላቸው።

“ይሄን ሰው አላውቀውም ብለው በአውራ ጣትዎ ይፈርሙ። አሁኑኑ ቤትዎ ይገባሉ።”

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

“እኔ ያውቀዋል። ቤቴ ገብቷል፣ በልቷል። ቤትህ የበላ ሰው፣ አላውቅም ይባላል? ነውር ነው።”

“እሱ እኮ አላውቃቸውም ብሏል።”

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ብቻ ጠበቁ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

“አውቃቸዋለሁ” አልኩ።

ወረቀቱ ሳይፈረም ቀረ። እሳቸው ዘጠኝ ቀን ተጨማሪ ታሰሩ፤ የዚያ ዓመት ከንከሴያቸው ተክሉ ላይ ደረቀ። አንድም ቀን አልወቀሱኝም።

ዛሬም ቃል እሰበስባለሁ። ስም ከመጻፌ በፊት ግን አስፈቅዳለሁ። ብዙዎቹ “ተወው፣ ይቅር” ይሉኛል፤ አልፈርድባቸውም። ለዓመታት ሽማግሌውን ላድን ብዬ ዋሸሁ ስል ኖሬያለሁ። እውነቱ ግን ለራሴም ፈርቼ ነበር።