ስትሳሳት የሚሰማት ድምፅ

አረካ ውስጥ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ባለሙያ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ታብሌቶቹን አንድ በአንድ ሳበራ አንዱ ጠራኝ። «የት ሄድሽ? ነይ፣ እንቀጥል» አለ በሴት ድምፅ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ኮምፒዩተር ሲበላሽብኝ እንጂ ሲጠራኝ አላውቅም፤ ክው አልኩ።

በሩን የከፈቱልኝ ጥበቃው ጋሽ አንጁሎ ከደጅ እንደቆሙ «አትደንግጥ መምህር፤ መምህርት አስቴር ናት» አሉኝ።

«የት አሉ?»

«ክረምት ላይ ቀበርናት እኮ። ድምፁ ነው የቀረው።» ጋሽ አንጁሎ ወደ ውስጥ አልገቡም።

ነገሩ ቀላል ነው። የንባብ ሶፍትዌሩ ተማሪው ሲመልስ ጥያቄውን ያከብድበታል፣ ሲሳሳት ያቀልለታል። ልክ ለመለሰ ደወል ብቻ ይደውላል። ለተሳሳተ፣ ወይም ዝም ብሎ ለተቀመጠ፣ ለሴትም ለወንድም እንዲሆን አድርጋ አስቀድማ የቀዳችው የመምህርት አስቴር ድምፅ ይናገራል። ይህን እያወቅኩም ብቻዬን ስሆን ድምፁን እቀንስ ነበር። ፈርቼ ነው፤ ምን ያሳፍራል።

የዓመቱ አጋማሽ ላይ ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው ጠሩኝ። የመምህርት አስቴር ልጅ ምሕረት ሦስተኛ ክፍል ናት። ውጤቷ እያሽቆለቆለ ሄዶ ሶፍትዌሩ ወደ ነጠላ ቃላት አውርዷታል።

«ድሮ ጎበዝ ነበረች። አሁን ወደ አንደኛ ክፍል እንመልሳት፤ ሪፖርቱን ፈርመህ አምጣ።»

«መጀመሪያ አብሬያት ልቀመጥ?»

«ተቀመጥ። ማሽኑ ግን አይዋሽም።»

አንዱን ማዳመጫ እሷ፣ አንዱን እኔ ጆሯችን ላይ አድርገን ተቀመጥን። የላም ሥዕል መጣ። ጣቷ ቀጥ ብሎ «ላም» ወደሚለው ቃል ሄደ፤ ሳይነካው ቆመና ዞሮ «ቤት» የሚለውን ነካ። ዐይኗን ጨፈነች።

«አይዞሽ ልጄ፣ እንደገና እንሞክር» አለች እናቷ ጆሮዬ ውስጥ።

«እሺ እማዬ» አለች ምሕረት በሹክሹክታ።

ቀጣዩንም ተሳሳተች። ቀጣዩንም።

«ምሕረት፣ ማንበብ ትችያለሽ አይደል?»

«እችላለሁ።»

«ታዲያ?»

«ልክ ከመለስኩ እማዬ ዝም ትላለች።»

የእናቷን ቅጂዎች በሙሉ ሚሞሪ ካርድ ላይ ገልብጬ ለአባቷ ሰጠሁት፤ ስልኩ ላይ አድርጎ ቤት ያሰማት ጀመር። የሆነውን ለርዕሰ መምህሩ ነገርኳቸው። «ሰኞ ፊቴ ታንብብ» አሉኝ።

ሰኞ ከኋላዋ ቆሙ። ደወሉ ደወለ። ደግሞ ደወለ። ጥያቄው ከቃል ወደ ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያም ወደ ረጅም ምንባብ ከበደ፤ አንድም አልሳተችም። ክፍሉ ውስጥ ከማዳመጫዋ ከሚያመልጠው ደወል በቀር ምንም አይሰማም። ስትጨርስ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«በቀብሩ ቀን እንኳ አላለቀሰችም» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ሶፍትዌሩ ልጁ ስንቱን እንደሳተ ይነግረኛል፤ ለምን እንደሳተ አይነግረኝም። ስለዚህ አጠገቡ ሳልቀመጥ የማንንም ልጅ ሪፖርት አልፈርምም።