ገብሱ በረከተ

እኛ አገር እህል አያልቅም። ጎታው ባዶ ሆኖ አይጥ እንኳ ቢሸሸው «አለቀ» የሚል ሰው አታገኙም። «በረከተ» ነው የሚባለው። ዱቄት የጨረሰች ሴት ጎረቤቷ ዘንድ ሄዳ «ዱቄቱ በረከተ» ካለች፣ ጎረቤቷ ነገሩ ገብቷት እቃዋን ተቀብላ ትሰፍርላታለች። ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ «አለቀ» ማለት በገዛ አፍ ረሃብን መጥራት ነው። አንኮበር ተወልዶ ላደገ ሰው ይህን የሚያስረዳው አያስፈልግም። አስቀድሜ ማውራቴ ያለ ነገር አይደለም፤ ያቺ አንዲት ቃል ናት ቆሽቴን ስታሳርረው የኖረችው።

በንጉሡ ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ በግብርና መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ሥራዬ አንኮበር አጠገብ የተቋቋመ አንድ የዘር ጎተራ መከታተል ነው። ነገሩ ቀላል ነበር። ውርጭ ወይም በረዶ እህሉን የመታበት ገበሬ ጥር ላይ ለበልግ የሚዘራውን ገብስ ከጎተራው ይወስዳል፤ ሲያመርት ይመልሳል። ያቋቋሙት የውጭ አገር ረጂዎች ናቸው።

ከጎተራው ዘር ከሚወስዱት አንዷ አክስቴ ነበረች። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እቴቴ ነው የምላት። ባሏ ካረፈ ወዲህ መሬቷን በጎረቤት በሬ እያሳረሰች ብቻዋን ትኖር ነበር። «ነይ ከእኛ ጋር ደብረ ብርሃን ኑሪ» ብዬ ስንቴ ለመንኳት! «ቤቴን ዘግቼ? እኔ በሰው ቤት ጥገኛ ሆኜ አልሞትም» ትለኛለች። ዘር እስካገኘች ድረስ ማንም ከዚያ ቤት አያስወጣትም። ዘር ካጣች ግን ወዴት ትሄዳለች?

ታዲያ አንድ ቀን ረጂዎቹ «እርዳታችንን ከመቀጠላችን በፊት ጎተራው ጠቅሞ እንደሆነ በገለልተኛ አጥኚ ይጠና» አሉ። ጥሩ፣ ይጠና። ጨረታ ወጣና ሁለት ድርጅቶች ቀረቡ። የአንደኛው አጥኚ መንዝ ተወልዶ ያደገ፣ እርፍ ጨብጦ ያረሰ ሰው ነው። «ይኼ ይሁን» አልኩ። የቅርንጫፋችን ኃላፊ ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

«እሱማ የአገሩ ሰው ነው፣ ያደላል! ገለልተኛ ነው የተባልነው። ይህን አገር የማያውቅ ነው የሚፈለገው።»

«ጌታዬ፣ አገሩን የማያውቅ ሰው ምኑን ያጠናዋል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ነገር አታክርር!»

አገሩን የማያውቀው ድርጅት ተቀጠረ። ውሉን ይዤ እየሮጥኩ ያስፈረምኩት እኔው ነኝ፤ የሥራ ነገር ሆኖብኝ።

የመጣው አጥኚ አዲስ አበባ ተወልዶ ባሕር ማዶ የተማረ ወጣት ነው። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። ትሑት፣ ሰው አክባሪ፣ ሽማግሌ ሲያይ ከወገቡ ጎንበስ የሚል። እኔን ግን ከላንድሮቨሩ አላስወርድም አለኝ። «እርስዎ የጎተራው ሠራተኛ ነዎት፤ ሰዉ እርስዎን እያየ እውነቱን አይናገርም» ይላል። እሺ ብዬ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። የአንኮበር ጉም መስኮቱ ድረስ መጥቶ ይተኛል፤ እሱ በጉሙ ውስጥ ከቤት ቤት ይዞራል። ሲመለስ ፊቱ ፈክቶ «ደህና ነው! በጣም ደህና ነው!» ይለኛል። እኔ ሞኙ ሥራው ተሳክቶለት መስሎኝ «እሰይ» እለዋለሁ። ያን ጊዜ ጥቅምት ነበር። ውርጩ ገብሱንም ባቄላውንም አንድ ላይ መትቶት፣ ሰዉ ምን እንደሚበላ ጨንቆት ነበር።

ኅዳር ላይ ኃላፊው አስጠራኝ። ስገባ ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠኝ። «እንኳን ደስ ያለህ!» አለኝ። ጥናቱ ደርሷል። ልጁ በየቤቱ እየገባ «ገብሳችሁ እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቋል፤ ሴቶቹም ሁሉ «በረከተ» ብለውታል። እሱም ያንኑ ይዞ የአካባቢው ሕዝብ እህል ተርፎታል፣ ጎተራው ዓላማውን ስለፈጸመ ይዘጋና ዘሩ ለሌላ አገር ይሰጥ ብሎ ጽፏል። ረጂዎቹ ደስታቸው ወሰን የለውም። ለእኔም የምስጋና ቃል ተልኮልኛል። የምስጋና!

ወይ ጉድ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ጌታዬ፣ በረከተ ማለት እኮ አለቀ ማለት ነው!» አልኩ። ኃላፊው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ተቆጣ።

«ሲያልቅ በረከተ ካላችሁ፣ ሲበረክትስ ምን ልትሉ ነው?»

«ሲበረክትማ ዝም ነው የምንለው!»

«በል ሂድና አጥኚውን አሳምነው። እሱ ቃሉን ካልለወጠ እኔ ምን ላደርግልህ እችላለሁ?»

አጥኚውን አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። ነገሬን በትዕግሥት አዳመጠ፤ እሱ መቼ ይቆጣና! «እኔ የማውቀው በረከተ ማለት በዛ ማለት ነው። እርስዎ እንደሚሉት ከሆነ ግን አንድ ቤት አብረን እንሂድ። ባለቤቷ በአፏ እህሌ አልቋል ካለችኝ ወይም ባዶውን ጎታ ካየሁ፣ ጥናቱን አርማለሁ» አለኝ። ከዚህ በላይ ምን ልመኝ? እቴቴ ቤት እንሂድ አልኩት። ጎታዋ ባዶ መሆኑን አውቃለሁ። አክስቴ መሆኗንም ነገርኩት፣ ግድ የለም አለ። ከዚያ አንድ ጅልነት ሠራሁ፤ ለገበያ በመጣ ጎረቤቷ በኩል «እንግዳ ይዤ እመጣለሁ» ብዬ ላክሁባት። ምን አለ አፌን ቢይዘው!

ስንደርስ ደጃፏ ተጠርጓል፣ ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። «ግቡ፣ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ!» ብላ አስገባችን። መሶቡ ሲከፈት ነጭ የጤፍ እንጀራ! በዚያ ደጋ ጤፍ የት ይበቅላልና? ከማን ለምና እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ። ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ተልባው ቀረበ፤ ጠላው በየዋንጫው ሞልቶ ይፈስሳል። ይባስ ብላ «ጾም ሆነብኝ እንጂ በግ አርጄላችሁ ነበር» አለችው። የምን በግ? በግ ካየች ስንት ዘመኗ! ልጁ እያጣጣመ ይበላል፣ በጎን ደግሞ እኔን ያየኛል።

ስንጨርስ አልቻልኩም። «እቴቴ፣ እስቲ ለዚህ ሰው እውነቱን ንገሪው። ገብስሽ አልቋል፣ አይደለም?»

«በስመ አብ በል!» አለችኝ አማትባ። «ምን ያለ አፍ ነው? በእንግዳ ፊት!»

«አንዲት ቃል ናት! አለቀ በይው፣ በቃ! ዘርሽ ሊሄድብሽ ነው እኮ፣ በእኔ ሞት!»

«በረከተ አልኩህ! በርክቷል!» ወደ እንግዳው ዞራ ደግሞ «አይፍረዱበት የኔ ጌታ፣ መንገዱ አድክሞት ነው» አለችው።

ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ የጎታውን ክዳን ልከፍት ስል ቀድማኝ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች።

«እኔ በቁሜ ጓዳዬን ለባዕድ ልትገልጥ? ሞቼ ነው!»

አጥኚው ተነሥቶ ክንዴን ያዘኝ። «ይተዉዋቸው፣ አያስጨንቋቸው» አለኝ በለሆሳስ። ከደጅ ወጥተን ወደ መኪናው ስንሄድ «እኔ የሰማሁትንና ያየሁትን ነው የምጽፈው» አለ። የሰማውም ያየውም ያው ነው።

በሳምንቱ ብቻዬን ተመልሼ ጮኽኩባት። «አንዲት ቃል! አንዲት ቃል አቅቶሽ!» እያልኩ እንደ እብድ ቤቱን ዞርኩት። እሷ እሳቱን ትቆሰቁሳለች። ሲበዛባት «አንተ ከተማ ገብተህ ረስተኸዋል። እኔ ቤቴን በአፌ አላራቁትም» አለችኝ።

ጥር ላይ የጎተራው ዘር ተጭኖ ሄደ። ቁልፉን ያስረከብኩት እኔ ነኝ። የዚያን ዓመት በልግ ደግሞ ምን ይሁን፣ እንደዚያ ያለ ዝናብ በዕድሜዬ አላየሁም። ዘር ያለው ዘራ።

የካቲት መጨረሻ ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍተው እቴቴ አንድ ቋጠሮ ይዛ ቆማለች፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ከንፈሯን አድርቆታል። ባለቤቴ ቋጠሮውን ተቀብላት ወደ ውስጥ ገባች።

«ምነው እቴቴ፣ በደህና?»

«መሬቱን ለጎረቤት ሰጠሁት። ቤቱንም ዘግቼው መጣሁ።»

«ገብሱስ? ከሰው ተበድረሽም ቢሆን ትንሽ እንኳ…»

ቀና ብላ አየችኝ። «አለቀ፣ ልጄ» አለችኝ።

ያቺን ቃል ከአፏ ለማውጣት ስጮህባት የከረምኩት ሰውዬ እኔው ነኝ። ሁለት እጆቿን ይዤ «ኧረ ተይ እቴቴ፣ በረከተ በይ» አልኳት።