የሳሎኑ ኮምፒውተርና የክርስትና ስሜ

ኮምፒውተሩን የገዛሁት ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረች የሥራ ባልደረባዬ ነው። ቦንጋ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ዞኑ ላይ ተመድቤ ስመጣ ሁለት ዓመት አገልግዬ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ።

የተከራየሁት ክፍል ከዋናው ቤት ጀርባ ነው። ዝናብ ሲበረታ ግድግዳው ያልበዋል፣ መጽሐፍ ሳይቀር ይሻግታል። አከራዬ ይህን ስለሚያውቁ ዕቃው ገና ከባጃጅ ሳይወርድ፣ «እዚያ አስገብተሽ ልታበሰብሺው ነው? ሳሎን ይቀመጥ» አሉኝ። እትዬ እላቸዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ታይፎይድ ጥሎኝ ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው፤ ቃላቸውን አልጥልም። ኮምፒውተሩ ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀመጠ፤ የኔ መሆኑም ቀረ። ባለቤታቸው ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ለሰፈሩ ሰው ማመልከቻ ይጽፋሉ። በእጅ ይጽፉት የነበረውን በሁለት ጣት መተየብ ጀመሩ። ማመልከቻ የሚያጽፈው ሁሉ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ ይሰካል።

እኔ ደግሞ ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር እዚያ ውስጥ ነበረኝ። የእናቴ ድምፅ። ከማረፏ በፊት በነበረው ፋሲካ ወንድሜ በስልኩ የቀዳው ነው፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ይሆናል። ስለ ዶሮዎቿ ታወራለች፣ ጎረቤት ታማለች፣ መጨረሻ ላይ ትመርቀኛለች። ወንድሜ በሚሞሪ ካርድ አድርጎ በመንገደኛ ላከልኝ፤ ካርዱን መልሺልኝ ስላለ ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጬ መለስኩለት። እሱም የጓደኛውን ሠርግ ቀዳበት። ስለዚህ የእናቴ ድምፅ በዚህ ዓለም ላይ ያለው እትዬ ሳሎን ውስጥ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ስከፍተው ፋይሎቼ የሉም። በየቦታቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸው ባዶ ምስሎች ተደርድረዋል፤ ብነካቸው አይከፈቱም። እመቤቴን እየጠራሁ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ዘንድ ደወልኩ። የቦንጋ ልጅ ነው፣ ተጫዋች። ጫማው በጭቃ እንደተለወሰ መጣና ሁለት ሰዓት ታግሎ ፋይሎቹን አወጣቸው። ተደብቀው ነበር እንጂ አልጠፉም። የእናቴን ለመስማት ሰው ፊት አልደፈርኩም፤ መኖሩን ብቻ አየሁ።

«ማን ማን ነው የሚጠቀመው?» አለኝ።

«ሁላችንም።»

«በማን ስም?»

«ስም አለው እንዴ?»

ሳቀብኝ። «እህቴ፣ እዚህ ቤት የገባ ሁሉ አስተዳዳሪ ነው። ፍላሽ የሰካ አስተዳዳሪ ነው። ቫይረሱ ራሱ ሹመት አግኝቶ ነው የመጣው!»

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንድ ዕቃ ውስጥ ብዙ ሰው ሊኖር ይችላል ሲለኝ ነገሩ ገረመኝ። አስተዳዳሪው ፕሮግራም ይጭናል፣ ያጠፋል፣ የሌላውን የይለፍ ቃል እንኳ ይቀይራል። ተራው ተጠቃሚ ይጽፋል፣ ያነባል፣ የራሱን ሰነድ ያስቀምጣል፤ ከዚያ አልፎ የሌላውን ክፍል ልክፈት ቢል በሩ አይከፈትለትም።

«እንግዲያው እኔ አስተዳዳሪ፣ እነሱ ተራ» አልኩት።

«አንቺም ተራ።»

«በገዛ ዕቃዬ?»

«አስተዳዳሪው ለብቻው ይቀመጥ። አንቺ ለዕለት ሥራሽ እንደ ሰው ተራ ሆነሽ ግቢ። የሚጫን ነገር ሲኖር ብቻ እሱን ትጠሪዋለሽ። አንቺ ብትሳሳቺም የሚጠፋው ትንሽ ይሆናል።»

ይህን ብዙ አሰብኩበት። ከራሴ ስህተት ራሴን የምጠብቅበት ነገር በማሽን ውስጥ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። የቤተ ክርስቲያናችን ሦስቱ ክፍሎች ትዝ አሉኝ፤ ቄሱም እኮ ቀኑን ሙሉ መቅደስ ውስጥ አይውሉም፣ ለአገልግሎት ገብተው ይወጣሉ።

ሦስት ስም ከፈትን፤ አንዱ የአስተዳዳሪው፣ አንዱ የኔ፣ አንዱ የቤተሰቡ። የእናቴን ድምፅ የአስተዳዳሪው ሰነዶች ውስጥ አስገባልኝ። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ላይ ስንደርስ፣ «ስምሽን እንዳታደርጊ፣ የተወለድሽበትንም ዓመት እንዳታደርጊ» ብሎ ስልክ ተደወለለትና ወደ ውጭ ወጣ።

የክርስትና ስሜን ጻፍኩ። ይህ ስም ለጸሎት ነው፣ ለመንገድ አይደለም። የሚያውቁት እናቴ፣ ወንድሜና የንስሐ አባቴ ነበሩ፤ እናቴ አርፋለች፣ የቀሩት ሩቅ ናቸው። ቦንጋ ውስጥ ማን ያውቀዋል? ከሥሩ ደግሞ ብትረሺ የሚያስታውስሽን ጻፊ የሚል ሌላ ሣጥን አለ። እኔ የመሥሪያ ቤት ሰው ነኝ፤ ቅጽ ላይ ባዶ ቦታ ትቼ አላውቅም፣ ተሞልቶ ካላለቀ ወደኔው እንደሚመለስ ነው የማውቀው። በእንግሊዝኛ ፊደል «የክርስትና ስም» ብዬ ሞላሁት።

የከበደኝ ለባለቤቶቹ መናገሩ ነበር። በሰው ሳሎን ተቀምጦ መቆለፍ ነውር መሰለኝ። ቃላት እየመረጥኩ አስረዳሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንድ ለአምስት አደራጀሽን በለኛ! ጠርናፊዋ አንቺ ነሻ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔም ተራ ነኝ።»

እትዬ ከጓዳ ሆነው፣ «እኔን ተራ ለማድረግ ኮምፒውተር አላስፈለገም፤ እሳቸው አርባ ዓመት ሠርተውበታል» አሉ። ተሳሳቅን፤ ነገሩ በዚሁ አለፈ።

ከወር በኋላ ለመስክ ሥራ ወደ ጌሻ ሄድኩ። የወረዳዋ ከተማ ደካ ዘጠኝ ቀን ቆይቼ ስመለስ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ እያደረጉ ተቀበሉኝ።

«ጥፋት አለብኝ። አንድ ሰው መዝገበ ቃላት ነው ብሎ በፍላሽ አመጣ። ልጫነው ስል አስተዳዳሪ ጥራ አለኝ። ደካ ብደውል ኔትወርክ የለም። እንግዲህ ሞከርኩ።»

«ምን ሞከሩ?»

«የተወለድሽበትን ዓመት። አሥር ዓመት ሳልጨምርብሽ አልቀርም፣ እምቢ አለኝ» አሉና ሳቁ። «ከዚያ ራሱ ነገረኝ እኮ! ተሳስተሃል ካለ በኋላ ከሥር የክርስትና ስም ብሎ ጻፈልኝ። እትዬሽን ብጠይቃት አላውቅም አለች። ተውኩት።»

ያ ሣጥን የሞላሁትን ለኔ ብቻ ሳይሆን ለተሳሳተ ሁሉ ያሳያል ለካ! በመስክ ልብሴ፣ ቦርሳዬን ሳላወርድ ተቀምጬ ከፈትኩ። የእናቴ ድምፅ በቦታው አለ። ሰውየው ያመጣውን ፍላሽ በማግስቱ ባለሙያው አይቶ፣ መዝገበ ቃላት የሚባል ነገር የለበትም፣ ያው የበፊቱ ዓይነት ቫይረስ ነው አለኝ።

በተመለስኩበት ቀን ግን ወደ ጓሮ ዞርኩ። እትዬ ሰሌን ላይ ኮረሪማ ያሰጣሉ። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩና ማገዝ ጀመርኩ። ቀና ሳይሉ፣ ቀስ ብለው፣ የክርስትና ስሜን ጠሩት።

«እሱ አይደለም መክፈቻው?»

እናቴ ካረፈች ወዲህ ያን ስም ከሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም።

«በምን አወቁት?»

«ያን ጊዜ ታመሽ ቄሱን ጠበል እንዲረጩሽ አላመጣሁም? ማን ብዬ ላንሣሽ ቢሉሽ በትኩሳት መሃል ተናገርሽ። አንቺ አታስታውሺውም። እኔ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ማታ ማታ ከልጆቼ ስም ጋር አነሣሻለሁ።»

«ታዲያ ለጋሼ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ለጸሎት የሰማሁትን ለዕቃ ላውለው? አላውቅም ብዬ ዋሸሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ምን አስቀምጠሽበት ነው እንዲህ የደነገጥሽው?»

ነገርኳቸው።

የማስታወሻውን ሣጥን ባዶ አደረግኩት፤ የይለፍ ቃሉን ግን አልቀየርኩም። ባለሙያው ድምፁን በሲዲ ገለበጠልኝና ለእትዬ ሰጠኋቸው፤ ከነጠላቸው ጋር ሣጥናቸው ውስጥ አስቀመጡት። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ጋሼ ገና አልመጡም ነበር። በአስተዳዳሪው ስም ገብቼ ድምፁን ከፈትኩ። እትዬ ወንበራቸውን አስጠግተው ሰሙ። በዶሮዎቹ ሳቁ፤ ሐሜቱ ላይ «ይቺ ደግሞ የየት ጎረቤት ናት?» እያሉ ጠየቁኝ። ምርቃቱ ላይ እናቴ በዚያ ስም ስትጠራኝ፣ ከኔ ቀድመው «አሜን» አሉ።

«እንዲህ ነው ለካ የሚባለው» አሉ ቆይተው። «እኔ ጠበቅ አድርጌ ነው የምጠራሽ።»

ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እንደ እናቴ አድርገው ሞከሩት፤ ወደራሳቸው አባባል ተመለሰባቸው።

«እስቲ ምርቃቷን መልሺው» አሉኝ።

መለስኩት።