ድንጋይ የሚወጣው መኪና መሪ

ካገሬ የወጣሁ ዕለት ሊነጋጋ ሲል አባቴ ሻንጣዬን በርጥብ የቆዳ ጠፍር አሰረልኝ። ዚፑ ተበጥሷል፣ ሌላ መግዣ ጊዜ የለም፣ አውቶቡሱ ሉማሜ መንገድ ዳር ቆሞ ጡሩንባውን ያምባርቃል። ላልቷል እኮ ብዬ ተነጫነጭኩ፤ አባቴ ቀና ብሎም አላየኝ። ዕድሜ ልኩን ሞፈርና ቀንበር ሲያስር የኖረ ሰው ነው። ርጥብ ጠፍር አጥብቀህ ካሰርከው ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ትንሽ ልል አድርገህ ትተወዋለህ፣ የቀረውን ፀሐይ ታጠብቅልሃለች። እውነትም ኤርፖርት ስደርስ ብረት ሆኗል። ፈታሹ ጣቱን ማስገባት ቢያቅተው በካራ በጠሰው፣ ሻንጣዬም በቢጫ ፕላስተር ተጠቅልሎ ጀርመን ገባ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያበግነኛል።

የመጣሁት ለመካኒክነት ሥልጠና ነበር። ማርቆስ ጋራዥ ውስጥ አይሱዙ ስፈታና ስገጥም ለኖርኩት ሰው ሥልጠናው ከባድ አልነበረም፤ ከባዱ ካለቀ በኋላ ያለው ነው። የስደተኞች ቢሮዋ ሴትዮ የሥራ ውል ካላመጣህ የመኖሪያ ፈቃድህ አይታደስም፣ ወደ አገርህ ትሸኛለህ አለችኝ። ፈገግ ብላ ነው ያለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ባለው ቀን ደግሞ የሚያጽናና ምግብ እንኳን የለም። ድንች ቀቅለው በሰናፍጭ ይበላሉ ሲሉኝ የማርቆስ ድንች ትዝ ብሎኝ ተስገብግቤ ቀመስኩት። ሰናፍጫቸው ስኳር ስኳር ይላል! አፍንጫ የማይሰነፍጥ ሰናፍጭ ምኑ ሰናፍጭ ነው?

ጋራዦቹ ሁሉ በር ሲዘጉብኝ ያናገረኝ ክላውስ የሚባል ባለሱቅ ብቻ ነው። የሚሸጠው መጫወቻ መኪና ነው። መጫወቻ ስላችሁ የልጅ እንዳይመስላችሁ። ክንድ የሚያህሉ፣ ጎማቸው ወፍራም፣ በሪሞት እየተነዱ ድንጋይ ላይ የሚወጡ መኪኖች ናቸው። ሌላ ሥራ የላቸውም፣ ድንጋይ መውጣት ብቻ። ሽበታም ሰዎች ድንጋይ በገንዘብ ገዝተው፣ በመኪና አስጭነው ግቢያቸው ይከምሩላቸዋል። የኔ አባት ድንጋይ ከማሳው ሲለቅም ነው ወገቡ የጎበጠው። ያንን ክምር መጀመሪያ ያየሁ ቀን የሚያስቅ መስሎኝ ነበር፤ ወዲያው ግን ደሜ ፈላ።

ክላውስ እንዲህ አለኝ፦ መኪኖቹ ድንጋይ መሃል ሲቀረቀሩ የመሪያቸው ዘንግ፣ ሁለቱን የፊት ጎማዎች አንድ ላይ የሚያዞረው ቀጭን ብረት፣ ይጣመማል። ከካርቦን ፋይበር አንድ በእጅህ ሥራና እሑድ ድንጋዩን ከቻለ ውሉን እፈርምልሃለሁ። ካርቦን ፋይበር ጥቁር ክር ነው። ሬዚን የሚሉት ፈሳሽ ሙጫ ታጠጣውና ትጠመጥመዋለህ፣ ሲደርቅ ይጠነክራል።

የተከራየሁት ቤት ኬለር አለው፣ ምድር ቤት መሆኑ ነው። እዚያ ወርጄ ሬዚኑን ሳማስል አከራዬ ፍራው ቤከር አፍንጫዋን ይዛ ደረጃው ላይ ቆመች።

"ምንድን ነው የምታበስለው?"

"ምግብ አይደለም፣ የመኪና መሪ ነው።"

"በኬለር ውስጥ ማብሰል ክልክል ነው።"

"መሪ ነው አልኩሽ እኮ።"

"መሪም ቢሆን" አለችና ሄደች። በማግሥቱ ኬለሩ በር ላይ ድስት የተሣለበትና በቀይ የተሰረዘ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ።

መስኮቱን ከፍቼ ቀጠልኩ። ክሩን ርጥቡን ስጠመጥም እጄ ሳያማክረኝ የለመደውን ሠራ። ትንሽ ልል አድርጌ ተውኩት፣ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል ብዬ። እሑድ ክላውስ ግቢ ዘንጉን የገጠምኩባት መኪና የመጀመሪያውን ድንጋይ ወጣች፣ ሁለተኛውንም ወጣች፣ ሦስተኛው ላይ ዘንጉ እንደ አገዳ ተተረተረና ጎማዎቿ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ አዩ። ሊያዩ የመጡት ሽበታሞች ሳቁ። ክላውስ እንኳን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ቋሊማ ሊጠብስ ሄደ። የተሰበረውን ሳየው በክሮቹ መሃል ባዶ ቦታ አለ። ካርቦን ቆዳ አይደለም፤ እንደተውከው ይደርቃል እንጂ አይኮማተርልህም። ንዴቴ በክላውስም በሳቂዎቹም አልነበረም። ያገሬ ሙያ፣ ከአባቴ የወረስኩት፣ እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ አዋረደኝ ብዬ ነው።

አንድ እሑድ ጨምርልኝ ብዬ ለመንኩት። ለመጫወቻ መለመኔን አስቡት። በዚህኛው ጊዜ ክሩ ጣቴን እስኪሸረክተኝ ድረስ ጎተትኩት፣ በላዩ ፕላስተር ወጥሬ ጠመጠምኩበት፣ ሌሊቱን ማሞቂያው አጠገብ አሳደርኩት። እሑድ መኪናዋ ክምሩን ሁሉ ወጥታ ጫፉ ላይ ቆመች። ክላውስ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ፈረመልኝ። ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ጥርሴን ነክሼ ቀረሁ።

አገር ቤት ስልክ ከጠፋ ሰንብቷል። በየቀኑ እደውላለሁ፣ በየቀኑ ያቺው የቴሌ ሴትዮ ማግኘት አይቻልም ትለኛለች፤ እሷንም ጠልቻታለሁ። ውሉን ባገኘሁ ሳምንት አባቴ ራሱ ደወለ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥቶ ነው መሰለኝ ነፋሱ ይሰማል።

እናቴ ታማ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ መኪና ስለጠፋ በቃሬዛ ተሸክመው ነው ጤና ጣቢያ ያደረሷት፣ ጎረቤቶች እየተፈራረቁ፣ ያንን ሁሉ ዳገት። አሁን ድናለች አለኝ። ለምን አልነገራችሁኝም ልለው ነበር፤ በምን ይንገሩኝ?

"አንተስ ልጄ፣ ሥራው ተገኘ?"

"ተገኘ አባባ። የመኪና መሪ እሠራለሁ።"

"የምን መኪና?"

"መንገድ የማይፈልግ። ድንጋይ ላይ የሚወጣ።"

"ተመስገን ጌታዬ" አለ፤ ድምፁ ወደ ኋላ ዞረና አጠገቡ ላሉት ነገራቸው። እነሱም ተመስገን ሲሉ ሰማሁ። "እንዲህ ያለው ነው ለዚህ አገር። እናትህን ያን ቀን ቢያገኛት! ስንት ሰው ይጭናል?"

ክንድ ያህላል፣ ሽበታሞች ይጫወቱበታል ልበለው? ስልኩን የያዘው እጄ፣ የተሸረከተው፣ ይጠዘጥዘኛል።

"ማንንም አይጭንም አባባ።"

ነፋሱም ድምፁም አንድ ላይ ጠፉ። ኔትዎርኩ ይሂድ እሱ ይዝጋው፣ እስካሁን አላወቅሁም።