ቁም ሳጥን ውስጥ የተሸሸገው ልብስ ሰፊ

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በጦርነቱ ዓመታት ታጣቂዎች ለዘመቻ ወጣት እያፈሱ እሱና ታናሽ ወንድሙ የሚኖሩበት ቤት ሲደርሱ፣ አጎቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ በሚስቱ ቀሚሶች መሀል ተሸሸገ። እሱን ሲያጡት ታናሽ ወንድሙን፣ አባቴን፣ ይዘው ሄዱ።

መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን አባቴ ግራ እግሩን አጥቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሱሪዎቹን የሚሰፋለት አጎቴ ሆነ፤ ቤታችን መጥቶ ሲለካው ግን ቀና ብሎ አያየውም ነበር።

አንድ ቀን ወገቡን እየለካው ሳለ አባቴ፣ «ጋሼ፣ ያን ቀን ቁም ሳጥን ውስጥ ስታስል ሰምቼሃለሁ» አለው።

አጎቴ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። «ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ሚስትህ እርጉዝ ነበረቻ።»

አጎቴ እስከዚያች ቀን የሚጽናናው «ወንድሜ አያውቅም» እያለ ነበር። ከዚያ በኋላ የሰፋውን ሱሪ ከደጅ ለእናቴ ሰጥቶ ይመለሳል እንጂ፣ እስኪሞት ድረስ ቤታችን አልገባም።