ቀራንዮ ላይ ሳያልቅ የቀረው ኦፔራ

ትናንት ከሰዓት ሬዲዮው ስለ አንድ የጥንት የፈረንሳይ አስቂኝ ኦፔራ ያወራ ነበር። በየትኛው ንጉሥ ፊት እንደታየ፣ በየትኞቹ ከተሞች እንደዞረ፣ ስንት ጊዜ ተረስቶ ስንት ጊዜ እንደተነሣ ዘረዘረ። ጆሮዬን ቀስሬ ጠበቅሁ። የእኛን ሰፈር፣ ቀራንዮን፣ አልጠራትም። ኧረ ማን ነግሮት!

ታላቅ ወንድሜ ኃይሌ የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። የዚህን ኦፔራ ዘፈኖች ወደ አማርኛ መልሶ ለእኔና ለጓደኛው ለበቀለ አስጠናን። የአንዲት የገጠር ልጅ እጮኛ ይጠፋል፤ ታለቅሳለች፤ መጨረሻ ላይ ይመለስና ሰርግ ይሆናል። ተመላሹን የሚጫወተው ኃይሌ ነበር። ለሰው ሳናሳየው ጣሊያን ገባ። የተማረ ወጣት ሲለቀም እሱንም ወሰዱት።

እማዬ መርዶ አልመጣላትምና አላለቀሰችም። በየምሳው የእሱን ቆጮና ጎመን በሳህን ከድና ታስቀምጣለች፤ ራሷ ግን እህል አይወርድላትም።

መስከረም ላይ፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ በቀለ መጣ።

«እስቲ ለእናትሽ እንጫወትላቸው፤ ትንሽ ቢስቁ። የኃይሌን ቦታ እኔ እይዛለሁ» አለኝ።

እሑድ ጎረቤቱ ግቢያችን ተሰበሰበ። በቀለ መጀመሪያ የራሱን ክፍል፣ የሽማግሌውን፣ እያነከሰ ሲዘፍን እማዬ ሳቀች። አዎ፣ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች! ደስታ አቅሌን አሳተኝ። ተመላሹ ያምርበት ብዬ የኃይሌን ኮት ከሣጥን አወጣሁ፤ ጭቃ እንዳይነካው በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ በሰው መሃል አለፍሁ። በለቅሶ የሟች ልብስ የሚወጣው እንዲሁ ነው። ምን ነክቶኝ ነው ያልታየኝ?

እማዬ ተነሣች። «ልብሱን አወጣችሁት? ለዚህ ነው ሰው የጠራችሁት?»

«ጨዋታው ነው እማዬ! ተመላሹ የሚለብሰው ነው!»

«ተይ ልጄ፤ ገብቶኛል።»

ደረቷን መታች፤ ጎረቤቱም አብሯት አለቀሰ። በቀለ «ምንም አልሰማንም!» እያለ ቢምልም ማን ይመነው? መርዶ ነጋሪ ሁልጊዜ መጀመሪያ ይክዳል።

ከዚያ ወዲያ ሳህኑ አልተከደነም። ጣሊያን ወጥቶ እስረኞች ሲመለሱ ሰዉ ሁሉ እየሮጠ ሲቀበል፣ እማዬ ከደጃፏ ንቅንቅ አላለችም። እኔ ብቻዬን ቀን በቀን እየወጣሁ መንገድ ዳር ቆምሁ። አልመጣም። ሞቱን የነገረን ሰውም የለም። እማዬን ተስፋ ያስቆረጥኳት እኔ ነኝ፤ ይህንን ይዤ አርጅቻለሁ።

ሬዲዮው የመጨረሻውን ዘፈን ሲጀምር እጄን ሰደድሁ።

«እማማ፣ ደስ የሚለው ክፍል ገና ነው እኮ!» አለች የልጅ ልጄ።

«አውቃለሁ፤ ይመለሳል» አልኳትና ዘጋሁት።