ክሩስኮቱ ላይ የተረጨ ጸበል

ኮሮና ዘግቶት የከረመው ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን አሮጌዋ መኪናችን መንገድ ላይ መጥፋት ጀመረች። ምልክት አትሰጥም። ሞተሩ ድንገት ጸጥ ይላል፣ መሪው ይከብዳል። መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ፣ ቀጥሎ አደባባይ ላይ ጠፋች። ባለቤቴ ልጃችንን የሚያደርስበት መንገድ ደግሞ የጭነት መኪና የሚበዛበት ቁልቁለት ነው። እሱን ሳስብ እህል አይወርድልኝም ነበር።

ባለቤቴ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት እናቱ ከአዲስ አበባ እዚህ ሰው አገር ድረስ የላኩለትን ጸበል መኪናው ውስጥ፣ መሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ላይ ይረጫል። መጥፋት ስትጀምር አበዛው። እኔም አሜን እል ነበር።

ካትዌ በሚባለው የጋራዥ ሰፈር ያለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን መጀመሪያ የነዳጅ ፓምፑ ነው ብሎ ቀየረው። አልተሻላትም። ስንመለስ ነዳጁንና እሳቱን የሚያዘውን የሞተሩን ኮምፒውተር ከክሩስኮቱ ሥር አውጥቶ ከፈተው። ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ተጋግሮበታል።

"ሙዜ፣ ዓሣ ነው እንዴ የምታረባበት?" ብሎ ሳቀ፤ ሙዜ የአገሬው "ጋሼ" ነው።

"ዝናብ ይሆናል" አለ ባለቤቴ።

"ዝናብ ቢሆን ምንጣፉም ይርስ ነበር። ይሄ በአየር መውጫው የወረደ ነው።"

"ጸበሉ ነው" አልኩት ባለቤቴን በአማርኛ።

"ጸበል ያድናል እንጂ መቼ ያበላሻል? ደግሞ አንቺ ነሽ ይህን የምትዪው?"

"የሚያድነው ሰውን ነው። ሽቦ መቼ ክርስትና ተነሳ?"

ኤሌክትሪሺያኑ ዝገቱን አጽድቶ የተበሉትን መስመሮች በየዳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ማማ፣ ይሄ ማስታገሻ ነው። ሌላ ኮምፒውተር ፈልጌ ከመኪናው ጋር እስካስማማው ድረስ ልጅ አትጫኑበት።"

በማግስቱ ባለቤቴ ሞተሩን አስነሳ። ድምፁ ጥሩ ነበር።

"ይኸው ዳነች" አለና ጠርሙሱን አንስቶ ክሩስኮቱ ላይ ረጨ።

ልጄን ከኋላ ወንበር አወረድኳት።

"እኛ በታክሲ እንሄዳለን።"

"እምነትሽ የት ገባ?"

ብቻውን በዚያው ቁልቁለት ወደ ሥራው ሄደ። ልጄን አድርሼ ቤት ገባሁ፤ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። ብደውል አያነሳም። ጸሎት ጀምሬ መሐሉ ይጠፋኛል።

ቀትር ላይ በእግሩ መጣ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

"ቁልቁለቱ መሐል ጠፋች" አለ። "ፍሬኑ ደነደነብኝ። ከኋላ የመጣው የጭነት መኪና የኋላውን በር ገጭቶ አለፈ።"

"ልጃችን በምትቀመጥበት በኩል?"

"በእሷ በኩል።"

ተመስገን አልኩ። እሱም ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠ።

"ለኤሌክትሪሺያኑ አንቺ ደውዪለት" አለኝ። "እኔ አፍራለሁ።"